በቁመቷ አሥራ ስምንት የሞላት ልጅ

ሳጋል ቁመቷን የወረሰችው ከአባቷ ነው። ቱሊ ጉሌድ አካባቢ ሰውየውን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ «ዴሬ» ነበር የሚሉት፣ ረጅሙ ለማለት። በልጅነቷ በዚህ ቁመት ትኮራ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ግን ጣጣ ይዞባት መጣ።

ወደ ጅጅጋ የመጣችው ድርቁ የአባቷን ላሞች ከጨረሰ በኋላ ነው። አባቷ የቀሩትን ፍየሎች እየነዳ ወደ ዘመዶቹ ሲሄድ እሷን ለእህቱ ለኢልዋድ ሰጣት። ኢልዋድን ሳጋል «ኤዶ» ትላታለች፣ የአባት እህት እንደሚባለው። ኤዶ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የገጠር ሴቶች የሚያመጡትን ወተት ጠዋት ተቀብላ ገበያ ላይ ትሸጣለች። ከሳጋል በአንድ ዓመት የምታንስ ሳህራ የምትባል ሴት ልጅና ሁለት ትንንሽ ወንዶች አሏት። ሳጋል ወሩን ሳትጨርስ ቤቱ አንድ ሰው ለመጨመር ቦታ እንጂ ምግብ እንደሌለው ገባት። ማንም አልነገራትም፤ ኤዶ ራት ላይ «ገበያ በልቼ መጥቻለሁ» ማለት ስታበዛ አየች።

ያን ጊዜ ጅጅጋ በየአቅጣጫው ቤት ይሠራባት ነበር። በካራማራ በኩል፣ ከተማው አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት፣ ሱጉሌ የሚባል ሰው ብሎኬት ያመርታል። ማሽኑ ላይ ወንዶች ይቆማሉ። እርጥቡን ብሎኬት ከነጣውላው ተሸክሞ ፀሐይ ላይ መደርደር፣ ውሃ ማጠጣት፣ የደረቀውን አይሱዙ ላይ መጫን የሴቶቹ ሥራ ነው። ሴቶች ይባሉ እንጂ ግማሾቹ ልጆች ነበሩ። ሳጋልና ሳህራ ተያይዘው ሄዱ። ሱጉሌ ዕድሜ አልጠየቃቸውም። ክንዳቸውን አየና «ነገ በጠዋት ኑ» አላቸው።

ሥራው የሚያስለቅስ ነበር፣ በተለይ መጀመሪያ ላይ። ንፋሱ የሲሚንቶውን ብናኝ እያነሣ ዓይናቸው ውስጥ ይሞጅረዋል። ማታ ሻሻቸውን ሲፈቱ ግራጫ ዱቄት ይረግፋል። መዳፋቸው ተላጠ፣ ከዚያ ደነደነ። ግን ኤዶ ራት ላይ አብራቸው መብላት ጀመረች፤ ትንንሾቹ ልጆችም ትምህርት ቤት ተመለሱ። ሳጋል አማርኛም የተማረችው እዚያው ግቢ ነው፣ ብሎኬት ለመውሰድ ከሚመላለሰው ከወሎዬው ሴራሚክ ነጣፊ ከሙላቱ። መኪናው እስኪጫን አጠገቧ ተቀምጦ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ይነግራታል፤ እሷም የሶማልኛውን ትነግረዋለች።

አምሀ የመጣው በአንድ ሙቅ ቀን፣ ሴቶቹ መኪና ላይ ብሎኬት እየጫኑ ሳለ ነው። የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ነው፤ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ መነጽሩን በየደቂቃው በሸሚዙ ጫፍ የሚጠርግ ቀጭን ሰው። ጥግ ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ ሳህራ ጠጋ ብሎ የያዘችውን ብሎኬት ከእጇ ተቀበለ፤ ክብደቱ ወገቡን ሲያጎብጠው ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«ስንት ዓመትሽ ነው?» አላት።

ሳህራ አማርኛ አትችልም። ሳጋል መለሰችለት። «አሥራ አምስት። እኔ አሥራ ስድስት።» መዋሸት እንደሚያስፈልግ የነገራት አልነበረም።

አምሀ ሱጉሌን አስጠርቶ ሁሉም እየሰማ ነገረው። ከአሥራ አራት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭራሽ አይቀጠርም። ከአሥራ አራት እስከ አሥራ ስምንት ያለ ወጣት ሠራተኛ ይባላል፣ መሥራት ይችላል፤ ነገር ግን በቀን ከሰባት ሰዓት አያልፍም፣ ሌሊት አይሠራም፣ በዕረፍት ቀኑ አይጠራም፣ እንዲህ ያለ ሸክም አይሸከምም። ሱጉሌ እጁን አጣምሮ በትዕግሥት አዳመጠ፣ አመሰገነ፣ እስከ በሩም ሸኘው። ሲመለስ ልጆቹን ከትልልቆቹ ለየና የሠሩበትን ሰጥቶ አሰናበታቸው። ሳጋልና ሳህራ ገና ሳይመሽ ቤት ሲገቡ ኤዶ ወተት እየለካች ነበር። ቀና ብላ አየቻቸውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ሳጋል ሳህራን አስከትላ አምሀ ቢሮ ሄደች።

«ከሥራ ያስወጣኸን አንተ ነህ» አለችው ገና ከበሩ።

ጸሐፊዋ ከወንበሯ ብድግ ልትል ምንም አልቀራትም። ሳጋል ልትደፍረው አልነበረም፤ በሶማልኛ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው፣ ከሙላቱ የቃረመችው አማርኛ ውስጥም «እርስዎ» ገና አልደረሰም። አምሀ ለጸሐፊዋ በእጁ ተዪ አላትና ልጆቹን አስቀመጣቸው።

«ሕጉ አስወጧቸው አይልም» አለ። «ቀላል ሥራ ስጧቸው፣ ሰዓታቸውን ቀንሱ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ለሱጉሌ ንገረው።»

«ነግሬዋለሁ፤ አንቺም ሰምተሻል። ደግሜ እነግረዋለሁ፤ ተነሡ፣ አብረን እንሂድ።»

መሥሪያ ቤቱ መኪና አልነበረውም። በባጃጅ ሄዱ። ሱጉሌ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ለአምሀ ወንበር አስመጣለት።

«አቶ አምሀ» አለ፣ «እኔ በእነዚህ ልጆች ዕድሜ ግመል እየነዳሁ በርበራ ድረስ ሄጃለሁ። ሰዓቴን የቆጠረልኝ የለም። ይሁን፣ ያ ጊዜ አለፈ፣ ሕጉን አከብራለሁ። ግን አንተ ንገረኝ፤ ከባድ የማታነሣ፣ ሥራው ሳያልቅ ተነሥታ የምትሄድ ልጅ ብሎኬት ግቢ ውስጥ ምን ታደርግልኛለች? እንግዳ ናት? ሻይ ላቅርብላት?»

«ውሃ ያጠጡ።»

«ለውሃው ሁለት ሰው ይበቃል። አሁን የሚያጠጡት ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው። እነሱን ላስወጣ?»

ውሃ የሚያጠጡት ሁለቱ ሴቶች ጎማቸውን እንደያዙ ቆመው ያዳምጡ ነበር። አንደኛዋ ወገቧ ስለታመመ ነው ወደዚያ የተዛወረችው። ሳጋል ዓይኗን ከሴትዮዋ ላይ አንሥታ መሬት መሬት አየች።

«አሥራ ስምንት የሞላት መሆኑን በማስረጃ ያሳየችኝን ዛሬውኑ እመልሳለሁ» አለ ሱጉሌ። «ከዚያ በታች ከሆነች ግን በሬን አታንኳኳ። እኔ ከመንግሥት ጋር መጣላት አልፈልግም።»

ማስረጃ የተባለው ነገር ደግሞ ከየት ይምጣ? ሳጋል ስትወለድ የጻፈው የለም። ኤዶ የምታውቀው ዝናቡ ጥሩ የነበረበት ወቅት መሆኑን፣ ሳህራ ደግሞ በተከታዩ፣ ዝናብ በዘገየበት መወለዷን ነው። ቀበሌ ሲሄዱ መታወቂያ ለመስጠት ዕድሜ ይጠየቃል ተባሉ። ዕድሜን ለማወቅ ደግሞ መታወቂያ አላችሁ ወይ ተባሉ። ሳጋል ከወረፋ ወረፋ ስትንከራተት ሰነበተች። በመጨረሻ አምሀ ራሱ ጉዳያቸውን ተከታትሎ ሐኪሞች ዕድሜያቸውን እንዲገምቱላቸው አደረገ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ሳጋልን ለብቻዋ አነጋገራት።

«አሥራ ስምንት ሞልቷታል ካሉ ለአንቺ ልከራከርልሽ አልችልም። ሰዓቱም ሸክሙም እንደ ትልቅ ሰው ይሆናል። ይገባሻል?»

«አንተ እስካሁን የከለከልከኝ ሸክሙን አይደለም» አለችው። «ሥራውን ነው።»

አምሀ መነጽሩን አወለቀና ጠረገ።

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር። ጥርሳቸውን አየ፣ የእጅ አንጓቸውን ራጅ አስነሣ፣ ቁመታቸውን ለካ። ይህ ግምት መሆኑን፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳሳት እንደሚችል ሁለት ጊዜ ነገራቸው። ውጤቱ ሲመጣ ግን ግምት የሚለውን ቃል የሚያይ ሰው አልተገኘም። ሳጋል አሥራ ስምንት እና ከዚያ በላይ፣ ሳህራ ከአሥራ ስምንት በታች። አብረው እየተኙ፣ አብረው እየተነሡ፣ አንድ ጣውላ በሁለት ጫፍ ይዘው ሲሸከሙ የከረሙ ልጆች ናቸው። አንዷ በቁመቷ ትልቅ ሰው ሆነች፣ ሌላዋ በቁመቷ ልጅ ሆና ቀረች።

ሱጉሌ ቃሉን ጠበቀ። ሳጋልን መለሳት። «እንግዲህ አዋቂ ነሽ» አላትና ከትልልቆቹ ሴቶች ጋር መኪና ጫኝ አደረጋት። በፊት ልጅነቷን አይተው ትንሹን ብሎኬት የሚያቀብሏት ሴቶች አሁን እንደ እኩያቸው ትልቁን ያቀብሏታል። አይሱዙ ሲዘገይ ጨለማ እስኪሆን ትጠብቃለች። አምሀ ግቢውን ለማየት ሲመጣ ልጅ የሚመስለውን ሁሉ ያነጋግራል፤ በሳጋል አጠገብ ሲያልፍ ግን በአንገቱ ሰላም ይላትና ይሄዳል። አንድ ቀን የተሸከመችውን ሳታወርድ መንገዱ ላይ ቆመችበት። ፊት ለፊት ተያዩ። እሱ ጥግ ይዞ አለፈ። ያን ቀን ማታ በሱጉሌ ያልተናደደችውን በአምሀ ተናደደች፤ የሚገርመው ደግሞ ሰውየው ክፉ አለመሆኑን ማወቋ ንዴቷን አባሰው።

ሳህራ ቤት ዋለች። የቻለችውን ሁሉ ጠየቀች፤ ዳቦ ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ ልብስ ሰፊው ጋ ሄደች። አንዳንዱ ሰው አይፈልግም፣ አንዳንዱ ስለ ብሎኬት ግቢው ወሬ ሰምቶ «ልጅ ቀጥሬ ተቆጣጣሪ አልጠራም» ይላታል። በዚህ መሀል ካልቱን የምትባል የቶጎ ውጫሌ ነጋዴ ወተት ስትገዛ ከኤዶ ጋር ተጫወተች፤ ቤቷን የሚያግዛት ልጅ እንደምትፈልግ አነሣች። በሳምንቱ ሳህራ በሚኒባስ ወደ ድንበሩ ከተማ ሄደች። ኤዶ «ቤት ውስጥ ነው፣ ፀሐይ የለ፣ ሲሚንቶ የለ» እያለች ራሷን ታጽናና ነበር።

ሳህራ ለኢድ ትመጣለች ሲባል አልመጣችም። ስልክ ስትደውል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ደኅና ነኝ» ትላለች፤ ከኋላዋ የሚጠራት ሰው ይሰማና ይቋረጣል። ሳጋል ለሁለተኛ ጊዜ አምሀ ቢሮ ሄደች።

«ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ በዚህ ሕግ አትሸፈንም» አላት።

«ማን አለ?»

«ሕጉ ራሱ። የቤት ሠራተኛን ለብቻው ትቶታል፤ ሌላ ደንብ ይወጣለታል ይላል፣ ደንቡ አልወጣም።»

ሳጋል ሙላቱ ያላስተማራት የአማርኛ ቃል ያለ መስሏት ነበር። «ብሎኬት ግቢ ስትሠራ ልጅ ናት ብላችሁ አስወጣችኋት» አለች። «ሰው ቤት ስትሠራ ምንድን ናት?»

«ሳጋል፣ እኔ ሕጉን አልጻፍኩትም።»

«እኔም አልጻፍኩትም።»

«ብሄድ እንኳ ሴትዮዋ በሬን አልከፍትም ብትለኝ መመለስ ነው። እዚህ ቢሮ ያለነው ተቆጣጣሪዎች ስንት እንደሆንን ታውቂያለሽ? ደምበል ወረዳ ሄጄ ያየሁትን የሥራ ቦታ ዓመት አልፎት ተመልሼ አላየሁትም።» ድምፁ ከፍ አለና ራሱን ያዘ። «ለአለቆቼ ተናግሬያለሁ። ደጋግሜ። ጠብቅ ይሉኛል።»

ሳጋል ተነሥታ ወጣች። የምትናደድበትን ሰው ፈልጋ ሌላ የተናደደ ሰው ነበር ያገኘችው።

በሚቀጥለው አርብ እሷ ራሷ ቶጎ ውጫሌ ሄደች። የካልቱን ቤት ለማግኘት አልተቸገረችም፤ ሱቋን የማያውቅ የለም። ግቢው ሰፊ ነው፣ ሲሚንቶ ወለል ያለው። ሳህራ ጥግ ላይ በትልቅ ሳፋ ልብስ ታጥባለች። ሳጋልን ስታይ ተነሥታ ልትሮጥ ፈለገች፣ ከዚያ ወደ ቤቱ በር አየችና ቆመች። እጇ ከበረኪና የተነሣ በየጣቱ መገጣጠሚያ ተሰንጥቋል። ብሎኬት እንኳ እንዲህ አላደረጋትም ነበር።

«ኤዶ ልካኝ ነው፣ እንሂድ» አለቻት ሳጋል በሹክሹክታ። ኤዶ አልላከቻትም።

ሳህራ ራሷን ነቀነቀች። «የት? አንቺ ትገቢበታለሽ፣ እኔ በሩ ተዘግቶብኛል። ቤት ተመልሼ የእናቴን እህል ልጨርስባት? እዚህ ቢያንስ እበላለሁ።»

ሳጋል መንገዱን ሁሉ ያሰበችው ሴትዮዋ እንዴት እንደምትከለክላት ነበር፤ ሳህራ እምቢ ትላለች ብላ አላሰበችም። ንዴቷ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው። ካልቱን ከቤት ስትወጣ አገኘቻቸው፤ ሙሉ፣ ፊቷ የሚስቅ ሴት ናት። ሳጋልን ዘመድ መሆኗን ሰምታ አስገባቻት፣ ሻይ በወተት አቀረበችላት። ሻዩን ያመጣችው ሳህራ ናት።

«ሳህራ ልጄ ናት» አለች ካልቱን። «መትቻት አላውቅም፣ ጠይቂያት። እኔ የምበላውን ነው የምትበላው።»

ይህን ስትል የሳህራ እኩያ የሆነች ልጇ ከቁርዓን ቤት ተመልሳ ገባች፤ ጫማዋን አወለቀችና «ሳህራ፣ ውሃ» አለች። ሳህራ ሄደች።

«ልጅሽ ስንት ሰዓት ትነሣለች፣ ሀበርዮ?» አለች ሳጋል፣ የእናቷን እህት በምትጠራበት ስም። «ሳህራስ?»

ካልቱን ሻይዋን አስቀመጠች። «ምን ልትይ ነው?»

ሳጋል ከአምሀ የሰማችውን ሁሉ ተናገረች፤ ሰባት ሰዓቱን፣ ማታ አለመሥራትን፣ የዕረፍቱን ቀን። ወጣት ሠራተኛ የሚባለውን ለማለት ሶማልኛው ስላልመጣላት በአማርኛ አለችው። ካልቱን ፊቷ ተለወጠ። «መንግሥት ነው የላከሽ?»

አዎ ብትል ይቀላት ነበር። ለአንድ አፍታ አፏ ውስጥ ደርሶ ነበር። «አይደለም» አለች። «ጠይቄያለሁ። ሕጉ የአንቺ ቤት አይገባም አሉኝ። የገባሁት እኔ ነኝ።»

ካልቱን ተቆጣች። ቤቷ ገብታ ሻይዋን ጠጥታ የምትሰድባት ልጅ አይታ እንደማታውቅ ነገረቻት፤ ሳህራን ባትወስዳት ኖሮ ጎዳና ላይ እንደነበረች፣ ጎረቤቶቿ ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ እንዳላቸው፣ ማንንም ማንም እንዳልጠየቀው። ሳጋል ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። ከእናቷ ጎን የተቀመጠችው ልጅ ውሃዋን ይዛ ታያቸዋለች። «እማ» አለች በድንገት፣ «እኔ ስተኛ ሳህራ ዕቃ ታጥባለች። ስነሣም ታጥባለች።» ክስ አልነበረም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ካልቱን ልጇን ገላመጠቻት፤ ከዚያ ወደ ሳጋል ዞራ «እሺ፣ ምን ይደረግ ነው የምትይው?» አለች።

ሳጋል ያገኘችው ሙሉ ነገር አይደለም። ሳህራ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ አርብ ታርፋለች፣ ኩሽና ውስጥ ሳይሆን ከልጅቷ ጋር ትተኛለች። የማታው ሥራ ግን አልቀረም። ሳጋል ስለዚያ ልታነሣ ስትል ካልቱን «በቃሽ» አለቻት፤ እሷም ገመዱ ከዚህ በላይ እንደማይወጠር አየች። በሚኒባሱ ስትመለስ ጠላት አሸንፋ እንደመጣች አልተሰማትም። ሦስት ሰዓት ተከራክራ ያመጣችው ሕጉ ለብሎኬት ግቢ ከሰጠው ግማሹን ነው፣ እሱም በአንዲት ሴት ፈቃድ ላይ የቆመ።

አምሀ በዓመቱ ተዛወረ፤ ሳይሰናበታት ሄደ፣ ወይም እሷ ጭነት ላይ ሆና ሳታገኘው ቀረ። በእሱ ቦታ ሰው እስኪመጣ ብዙ ቆየ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሱጉሌ ግቢ እንደገና ልጆች ሞሉበት፤ አሁን የሚጠይቃቸው ሰው ቢመጣ አሥራ ስምንት ነን እንዲሉ ተነግሯቸዋል። ሳጋል በኤዶ አቆጣጠር በእርግጥ አሥራ ስምንት የሞላትን ወቅት ወገቧን አስራ አይሱዙ ስትጭን አሳለፈችው። ብዙም ሳይቆይ ጎንበስ ብላ መነሣት አቃታት። ወደ ውሃው ሥራ ልዛወር ብላ ሱጉሌን ስትለምነው «የእናቶቹ ቦታ ነው» አላት። ያኔ ተነሥታ ከተማ መሀል ሴራሚክ የሚነጥፈው ሙላቱ ጋ ሄደችና ሥራውን እንዲያስተምራት ጠየቀችው። ሙላቱ ሴት ነጣፊ አይቶ አያውቅም፤ ግን በመንበርከክ የሚሠራ ሥራ ለወገቧ እንደሚሻል አስቦ ተቀበላት። ዛሬ በጅጅጋ ብዙ ቤቶች ወለል ላይ የእሷ እጅ አለ፤ ዘንግ ሳያስፈልጋት መስመር ታስተካክላለች ይሏታል።

ሳህራ ካልቱን ቤት ስምንተኛ ክፍል እስክትጨርስ ቆይታ ተመለሰች፤ አሁን የልብስ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ሁለቱ ኤዶ ቤት ሲገናኙ አንዳንዴ ይጣላሉ፣ ሁልጊዜ በአንድ ነገር።

«ያኔ እጄን አይተሽ ትተሽኝ ሄድሽ» ትላታለች ሳህራ።

«እንሂድ ስልሽ እምቢ አልሽ» ትላለች ሳጋል።

«ልጅ ነበርኩ። ልጅን ማን ይጠይቃል?»

«እኔስ ምን ነበርኩ?»

ኤዶ ወተቷን እየለካች ታዳምጣቸዋለች። ለማን እንደምትፈርድ አታውቅም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ብሉ ትላቸዋለች።